ተቀባይ ያጣ እንግዳ፦ የቬኒስ ታሪክ ስለ ጎብኚ ብዛት ምን ያስተምረናል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



  ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ከተማ ነው፤ ከተማዋም ቬኒስ ናት። «ይህ ሰው አክሱምንና ጎንደርን፣ ላሊበላንና ሐረርን ትቶ ስለ ምን የጣሊያንን ከተማ ታሪክ ያወራልናል?» የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ እንደሚመላለስ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በንግግሬ መጨረሻ ወደ አገራችን እመለሳለሁና እስከዚያው በትዕግሥት እንድትከታተሉኝ እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላስታውቅ።

ከ20 ዓመታት በፊት፣ በመካከለኛው ዘመን በኢትዮጵያና በጣሊያን ከተሞች መካከል ስለ ነበረው ግንኙነት የዶክትሬት ጥናቴን በማዘጋጅበት ጊዜ፣ ለስምንት ወራት ያህል በቬኒስ ተቀምጬ ነበር። ካስቴሎ በሚባለው ሰፈር ከአንዲት ባሏ ከሞተባት አሮጊት ዘንድ በሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከሕንፃው ሥር ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ አናጺ የሚሠራበት ጠባብ ቤት፣ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የሕፃናት ትምህርት ቤት ነበረ። ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የሕፃናቱ ጫጫታ ነበር። አከራዬ ቋንቋዋን በወጉ የማልናገር የሩቅ አገር ሰው መሆኔን አይታ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከዳቦ ጋጋሪው፣ ከአናጺውና ከፋርማሲስቱ ጋር እየዞረች አስተዋወቀችኝ። ከዚያ በኋላ ብታመም የሚጠይቀኝ፣ መንገድ ቢጠፋኝ የሚመልሰኝ ሰው አላጣሁም።

በ2018 ለአንድ የጥናት ጉባኤ ወደዚያችው ከተማ ተመለስኩ። ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት የቀድሞ ሰፈሬን ፈልጌ አገኘሁት። ሕንፃው አልተነካም፤ እንዲያውም ታድሶና ተውቦ ጠበቀኝ። አከራዬ ግን ሞታለች፤ ልጆቿም ከከተማዋ ወጥተው በየብሱ በኩል ይኖራሉ። በበሩ ላይ የጎብኚዎች ቁልፍ የሚቀመጥባት፣ በምስጢር ቁጥር የምትከፈት ትንሽ ሣጥን ተሰቅላለች። ዳቦ ቤቱ የካርኒቫል ጭምብል መሸጫ ሆኗል። የአናጺው ቤት አይስ ክሬም ይሸጥበታል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ማታ ቆሜ ወደ ላይ ስመለከት በመንገዱ ላይ ካሉት መስኮቶች መብራት የሚታይባቸው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነበሩ። ቀን በሰው ብዛት መተላለፊያ የጠፋበት መንገድ ማታ እንደ በረሓ ጭር ብሎ ነበር።

ነገሩን ይበልጥ መራራ ያደረገብኝ ሌላ ጉዳይ ነበር። የጉባኤው አዘጋጆች ያሳደሩኝም እንዲሁ ለጎብኚ በሚከራይ ቤት ውስጥ ነበር። የበሩን ቁጥር በስልክ ላኩልኝ፤ ገባሁ፤ አራት ሌሊት አደርሁ፤ ወጣሁ። የቤቱን ባለቤት በዓይኔ አላየሁትም። በቬኒስ ለሁለተኛ ጊዜ እንግዳ ሆኜ ሳለ፣ በዚህኛው ጊዜ የተቀበለኝ ሰው አልነበረም። የአከራዬን ሰፈር ባዶ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔም መሆኔን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ከዚህ ገጠመኝ የተነሣ ነው፤ በአጭሩም እንዲህ ነው፦ አንድን ታዋቂ ከተማ የሚጎዳው የጎብኚው ቁጥር መብዛት ብቻ አይደለም። ጉዳቱ ሥር የሚሰድደው እንግዳው ሲበዛ ተቀባዩ ሲያልቅ ነው። ይህም ከሰማይ የወረደ ዕጣ አይደለም፤ በየዘመኑ ሰዎች የወሰኑት ውሳኔ ውጤት ነው። ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ታሪክ አለው።

እንግዳ በጥንቷ ቬኒስ

ቬኒስ እንግዳ መቀበል የጀመረችው ትናንት አይደለም። በባሕር ወሽመጥ ውስጥ ከ100 በሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራችው ይህች ከተማ በመካከለኛው ዘመን የምሥራቁና የምዕራቡ ንግድ መገናኛ ነበረች። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ አውሮፓውያን ተሳላሚዎች በብዛት የሚሳፈሩትም ከእርሷ ወደብ ነበር። የቬኒስ መንግሥት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሳላሚ ማጓጓዣ መርከቦችን በሕግ ይቈጣጠር ነበር፤ እንግዶቹን ከአታላይ የሚጠብቁና ማደሪያ የሚያሳዩ ፈቃድ ያላቸው መሪዎችም ነበሩት። የጉዞ ንግድ ዘመናዊ ፈጠራ ብቻ እንዳልሆነ በዚህ እንረዳለን።

ከእነዚያ እንግዶች መካከል የእኛ አባቶች ይገኙበታል። በ1402 የዓፄ ዳዊት መልእክተኞች፣ በፍሎረንሱ ተወላጅ በአንቶኒዮ ባርቶሊ መሪነት፣ ነብሮችን ጭምር ለስጦታ ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል፤ ሲመለሱም ንዋያተ ቅድሳትና የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች አግኝተዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በቬኒስ አጠገብ በምትገኘው የሳን ሚኬሌ ደሴት ገዳም የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ ታላቁን የዓለም ካርታ ሲሠራ፣ ስለ ሐበሻ ምድር የጻፈውን ከአገሩ ተወላጆች እንደ ተማረ በካርታው ላይ ገልጿል። ዓባይንና ተከዜን፣ አዋሽንም በዚያ ካርታ ላይ እናገኛቸዋለን። እኔን ወደ ቬኒስ የወሰደኝም ይህ ካርታ ነበር። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ቬኒሳዊው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሊዮን ወደ አገራችን መጥቶ ለብዙ ዓመታት ኖሯል፤ ሥዕሎቹም በአብያተ ክርስቲያናታችን ውስጥ ቀርተዋል።

ይህን የማነሣው ለትምክህት አይደለም። የዚያ ዘመን እንግዳ ምን ዓይነት እንደ ነበር ለማሳየት ነው። ይመጣል፤ ይሰነብታል፤ ይጠይቃል፤ ይጠየቃል፤ የሚሰጠውና የሚወስደው ነገር አለ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ደግሞ ብረት ይሆናል የሚል አነጋገር በአገራችን አለ። አባቶቻችን የፈሩት ቆይታ የሚያበዛውን እንግዳ ነው። የዛሬዋ ቬኒስ ስሞታ ግን ተቃራኒው ነው። ከተማዋን ያስጨነቃት ጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄደው፣ ጣሊያኖች «ነክሶ ሯጭ» የሚሉት ጎብኚ ነው። እንግዳው ብረት እስኪሆን አይቆይም፤ ወርቅ ለመሆንም ጊዜ የለውም።

ከመንግሥትነት ወደ ትርኢትነት

ለውጡ የመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። የባሕር ንግድ ወደ አትላንቲክ ሲዞር ቬኒስ ቀስ በቀስ ኃይሏን አጣች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ባላባት ልጆች ለትምህርትና ለመዝናናት የሚጎበኟት፣ ካርኒቫሏ ለወራት የሚዘልቅ ከተማ ሆና ነበር። ይሁን እንጂ ያን ጊዜም ከ130,000 በላይ ሕዝብ ነበራት፤ መርከብ ትሠራለች፣ ብርጭቆ ትነፋለች፣ መጽሐፍ ታትማለች። እንግዳው የትርፍ ገቢዋ እንጂ እንጀራዋ አልነበረም።

በ1797 ናፖሊዮን ሪፐብሊኩን አፈረሰው። ከአንድ ሺሕ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ የነበረው መንግሥት ሲጠፋ ከተማዋ የራሷን ዕድል በራሷ የመወሰን ሥልጣን አጣች። በ1846፣ በኦስትሪያ አገዛዝ ዘመን፣ ከተማዋን ከየብሱ ጋር የሚያገናኘው የባቡር ድልድይ ተከፈተ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ቬኒስ በጀልባ እንጂ በሌላ መንገድ መግባት አይቻልም ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ፣ በጥቂት ሰዓት፣ በአነስተኛ ዋጋ መድረስ ጀመረ። በ1860ዎቹ ቶማስ ኩክ የእንግሊዝን መካከለኛ መደብ በቡድን ወደ ጣሊያን ማምጣት ጀመረ።

በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ሐያሲ ጆን ረስኪን ከ1851 እስከ 1853 «የቬኒስ ድንጋዮች» የተባለውን ባለ ሦስት ቅጽ ሥራውን አሳተመ። ረስኪን ከተማዋን ከልቡ ወድዷታል፤ ስለ ጥበቃዋም ብዙ ተከራክሯል። የመጽሐፉን ርእስ ግን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የውጭው ዓለም ቬኒስን ሲወድ የወደደው ድንጋዮቿን ነው። በድንጋዮቹ መካከል የሚኖረው፣ ዓሣ የሚያጠምደው፣ ልብስ የሚያጥበው ሕዝብ ለሥዕሉ ጌጥ እንጂ የፍቅሩ ባለድርሻ አልሆነም። ይህ አተያይ ከመቶ ዓመት በኋላ ምን እንዳስከተለ እናያለን።

ከዚህ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። የሊዶ ደሴት የባሕር መታጠቢያና ትልልቅ ሆቴሎች ተሠሩባት። በ1895 ቢየናሌ የተባለው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ በ1932 የፊልም ፌስቲቫሉ ተጀመረ። በ1933 ከባቡሩ ድልድይ ጎን የመኪና መንገድ ተሠራ። በሌላ በኩል ደግሞ ከ1917 ጀምሮ ከከተማዋ ትይዩ ባለው የየብስ ዳርቻ የማርጌራ የኢንዱስትሪ ወደብ ተቋቋመ፤ በ1926 የሜስትሬ ከተማ በቬኒስ ማዘጋጃ ቤት ሥር ተጠቃለለች። ፋብሪካው በየብሱ፣ ውበቱ በደሴቶቹ ተብሎ የተከፈለው ሥራ ከተማዋን ለሁለት ከፈላት።

ድንጋዩ ሲድን ሰው ሄደ

በ1951 በደሴቶቹ ላይ በምትገኘው ጥንታዊት ቬኒስ ወደ 175,000 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር። በነሐሴ 2022 ቁጥሩ ከ50,000 በታች ወረደ። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ከአሥሩ ነዋሪ ሰባቱ ጠፋ ማለት ነው። በ1630 እና በ1631 የደረሰው ታላቅ ወረርሽኝ የፈጀው ከሕዝቧ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ነበር። ከተማዋ ከወረርሽኙ ባልተናነሰ መጠን ባዶ የሆነችው ጦርነትም መቅሠፍትም ባልነበረበት በሰላሙ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ የታሪክ ባለሙያ ግዴታ ፍርድን ከመቸኮል መቈጠብ ነው። መጀመሪያ ሰውን ያስወጣው ጎብኚ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የወጡት ሰዎች በአብዛኛው የተሻለ ኑሮ ፍለጋ የወጡ ነበሩ። የምድር ቤቶቹ እርጥብ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ቤቶች ማሞቂያም ሆነ በቂ መታጠቢያ አልነበራቸውም። ሥራው ማርጌራ፣ አዲሱ አፓርታማ ሜስትሬ ነበር። ኅዳር 4 ቀን 1966 ውኃው 194 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተማዋን ሲያጥለቀልቃት፣ በምድር ቤት የሚኖሩ ድኆች ንብረታቸውን አጡ፤ ብዙዎቹም አልተመለሱም።

ያ ጎርፍ ዓለምን አስደነገጠ። ዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ጥሪ አቀረበ፤ በልዩ ልዩ አገሮች የቬኒስ ወዳጆች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የጣሊያን ምክር ቤት በ1973 ስለ ቬኒስ ልዩ ሕግ አወጣ። በ1987 ከተማዋ ከነባሕር ወሽመጧ በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረች። ቤተ ክርስቲያኖቹ ታደሱ፤ ሥዕሎቹ ተጠገኑ፤ ግንቦቹ ቆሙ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የወጣውን ሰው ለመመለስ፣ የቀረውንም ለማቆየት የተደረገው ጥረት ለድንጋዩ ከተደረገው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ባዶ የቀሩትን ቤቶች ታዲያ ማን ሞላቸው? ጎብኚው ሞላቸው። ሰውን ያስወጣው ጎብኚ ባይሆንም፣ የወጣው እንዳይመለስ በሩን የዘጋው ግን እርሱ ነው።

በሩ የሚዘጋበትን መንገድ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል፤ በየትኛውም ታዋቂ ስፍራ ተመሳሳይ ነውና። አንድ ቤት ለቤተሰብ ቢከራይ በወር የሚያስገኘውን ገንዘብ ለጎብኚ ቢከራይ በሳምንት ሊያስገኝ ይችላል። ባለቤቱ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ የአከራዬ ልጆችም ክፉዎች አይደሉም። እናታቸው ስትሞት ቤቱን ወረሱ፤ ሥራቸው በየብሱ ነው፤ የሚሻላቸውን መረጡ። ነገር ግን በአንድ መንገድ ላይ አሥር ቤተሰቦች እንዲሁ ሲመርጡ ዳቦ ገዢ ይጠፋል። ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ ኪራዩን መክፈል የሚችለው ጭምብል ሻጩ ነው። ልጅ ሲያንስ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ ያላቸው የቀሩት ቤተሰቦች ይሄዳሉ። ሽማግሌዎች ይቀራሉ፤ እነርሱም ዳቦ ለመግዛት ሦስት ድልድይ መሻገር፣ በሕዝብ ጀልባ ለመሳፈር ሻንጣ ከያዘ ሕዝብ ጋር መጋፋት አለባቸው። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ድምሩ ግን የከተማ ሞት ነው።

በቁሳዊው አካል ላይ የሚደርሰውም ጉዳት ቀላል አይደለም። የቬኒስ ሕንፃዎች በጭቃ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ካስማዎች ላይ ያረፉ ናቸው፤ በላዩ ውኃ የማያስገባ የኢስትሪያ ድንጋይ፣ ከዚያም ጡብ ተደርድሮባቸዋል። ጎብኚና ዕቃ የሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች የሚፈጥሩት ሞገድ ቀን ከሌት የግድግዳውን ሥር ይገዘግዛል። በሐምሌ 1989 በሳን ማርኮ ፊት ለፊት ለተደረገ አንድ የሮክ ሙዚቃ ዝግጅት 200,000 የሚገመት ሰው በአንድ ሌሊት ተሰብስቦ ከተማዋን በቆሻሻ ሞልቷት ሄደ። በሰኔ 2019 ደግሞ አንድ ግዙፍ የመዝናኛ መርከብ መቈጣጠር ተስኖት በጁዴካ ቦይ ከመድረኩና ከቆመች የጎብኚዎች ጀልባ ጋር ተጋጨ። መርከቦቹ ከቤተ ክርስቲያኖቹ ጉልላት በላይ ጎልተው ሲያልፉ ማየት ለብዙ ዓመታት የከተማዋ የዘወትር ትርኢት ነበር።

ነዋሪዎቹ ዝም አላሉም። በሪያልቶ አቅራቢያ ያለ አንድ ፋርማሲ ከ2008 ጀምሮ የቀሩትን ነዋሪዎች ቁጥር በመስኮቱ ላይ በመብራት ያሳያል። በኅዳር 2009 ቁጥሩ ከ60,000 በታች ሲወርድ ነዋሪዎች የሬሣ ሣጥን በጎንዶላ ጭነው ለከተማቸው የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረጉላት። ይሁን እንጂ አቤቱታቸው የሚሰማበት ማዘጋጃ ቤት አብዛኛው መራጩ በየብሱ የሚኖር ነው። ደሴቶቹ ከየብሱ ተለይተው ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ከ1979 እስከ 2019 አምስት ጊዜ ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ አምስቱም ጊዜ አልተሳካም። ተቀባዩ በራሱ ቤት አነስተኛ ድምፅ ሆኖ ቀረ።

መድኃኒቱና ወሰኑ

በቅርብ ዓመታት የተወሰዱ እርምጃዎች አሉ። ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በሳን ማርኮ ፊት ለፊትና በጁዴካ ቦይ እንዳያልፉ ተከለከሉ። በ2024 የጎብኚ ቡድን ከ25 ሰው እንዳይበልጥ፣ አስጎብኚዎችም በድምፅ ማጉያ እንዳይጠቀሙ ተደነገገ። ከሁሉ ይልቅ የተወራለት ግን ከሚያዝያ 25 ቀን 2024 ጀምሮ፣ በተመረጡ 29 ቀናት፣ ሳያድሩ ከሚመለሱ ጎብኚዎች መሰብሰብ የጀመረው የ5 ዩሮ መግቢያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 2.4 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሰበሰበ። በ2025 የቀኖቹ ቁጥር ወደ 54 ከፍ አለ፤ ዘግይቶ ለሚመዘገብ ጎብኚም ዋጋው 10 ዩሮ ሆነ።

እነዚህን እርምጃዎች አልንቅም። መርከቡ መከልከሉ ትልቅ ነገር ነው። የመግቢያ ክፍያውን ግን በሁለት በኩል ማየት ይገባል። የከተማው አስተዳደር ክፍያው የሰዉን ፍሰት ለማወቅና ለመምራት ይረዳል ይላል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ በዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ይገባባታል ተብሎ በሚገመት ከተማ 5 ዩሮ ማንንም አይመልስም፤ ይልቁንም ከተማዋ ሙዚየም መሆኗን በሕግ ያጸድቃል ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው ወገን አደላለሁ። ምክንያቴም ቀላል ነው፤ ትኬት የሚቈርጥ በር ጎብኚን ሊቈጥር ይችላል፤ ነዋሪን ግን አያፈራም። የዳቦ ቤቱን ኪራይ የማይቀንስ፣ ትምህርት ቤቱን የማያስከፍት፣ ለወጣት ባልና ሚስት ቤት የማያገኝ መፍትሔ የበሽታውን ምልክት ያክማል እንጂ በሽታውን አይነካም።

«ጎብኚው እኮ ገንዘብ ያመጣል፤ ደግሞስ ውበትን የማየት መብት የባለጸጋ ብቻ ነውን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ክብደት አለው። በባቡር የመጣው የሠራተኛ ልጅ ከባላባቱ ልጅ ያነሰ የማየት መብት የለውም፤ የምነቅፈው የእርሱን መምጣት አይደለም። የምነቅፈው ከተማዋ ከእርሱ ሌላ መተዳደሪያ እንዳይኖራት መደረጉን ነው።

የዚህም ማስረጃ በ2020 ታየ። በወረርሽኙ ምክንያት ጉዞ ሲቋረጥ የቬኒስ ቦዮች ጠሩ፤ ዓሦች ታዩ፤ ዓለምም በፎቶግራፉ ተደነቀ። ነዋሪዎቹ ግን ሌላ ነገር አዩ። ሱቆቹ ተዘጉ፤ የቤቶቹ መስኮቶች ጨለሙ፤ ጎንዶላ ቀዛፊውም አስተናጋጁም ሥራ ፈታ። ከተማዋ ጎብኚ በበዛ ጊዜ እንደ ታነቀች ሁሉ ጎብኚ በጠፋ ጊዜም ተራበች። ሁለቱ ተቃራኒ ችግሮች ይመስላሉ፤ ምንጫቸው ግን አንድ ነው።

ወደ ላሊበላ

አሁን በመጀመሪያ ቃል ወደ ገባሁላችሁ ጉዳይ እመለሳለሁ። ላሊበላ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ በመጀመሪያ ከሰፈሩት ስፍራዎች አንዷ ናት። ማናችንም ላሊበላ እንደ ቬኒስ በጎብኚ ተጨናንቃለች አንልም። እንዲያውም በ2020 ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም ጦርነቱና አለመረጋጋቱ ጎብኚውን አጥፍተውባታል። ሆቴል የሠራው ባለ ዕዳ ሆነ፤ አስጎብኚው ሥራ አጣ፤ በቅሎ የሚያከራየው፣ መስቀልና ጧፍ የሚሸጠው ቤተሰቡን የሚያበላው አጣ። ይህን ስሰማ በ2020 የጨለሙት የቬኒስ መስኮቶች ትዝ አሉኝ። የከተማን እንጀራ በሙሉ በአንድ ምጣድ ላይ መጋገር ያለውን አደጋ ላሊበላ በከፋ መልኩ አይታዋለች።

ሌላም ተመሳሳይነት አለ። ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጥበቃ ብዙ ተደክሟል፤ ከዝናብና ከፀሐይ የሚከልሉ ጣራዎች ተሠርተውላቸዋል፤ የጥገና ሥራም ተካሂዷል። በዚያው ጊዜ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ነዋሪዎች፣ ቅርሱን ለመጠበቅና ኑሯቸውን ለማሻሻል በሚል፣ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ለቅርሱ የታሰበውን በጎ ሐሳብ አልክድም። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የጎረቤቱን ጭስ ስናርቅ የምናድነው ድንጋዩን ብቻ እንዳይሆን የቬኒስ ታሪክ ያስጠነቅቀናል።

ላሊበላ ግን ቬኒስ ያጣችው አንድ ሀብት ገና አላት። ለገና በዓል ከየአውራጃው በእግሩ ቀናት ተጉዞ የሚመጣውን ምእመን የላሊበላ ሰው እግሩን አጥቦ፣ ማደሪያ ሰጥቶ፣ ያለውን አካፍሎ ይቀበለዋል። በበዓሉ ሰሞን የከተማዋ ሕዝብ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ መጨናነቁም ከቬኒስ አደባባይ የሚተናነስ አይደለም። ሆኖም ማንም «ከተማዋ ሞተች» አይልም። ስለ ምን? እንግዳው የሚበዛባት፣ ተቀባይ ያላት ከተማ ስለ ሆነች ነው። እግር የሚያጥበው ሰው ከዚያ ሰፈር ከወጣ ግን የሚቀረው የተጠረበ ድንጋይና ቁልፍ የተሰቀለበት በር ነው።

ውድ ተማሪዎቼ፣ ከመካከላችሁ ነገ በቅርስና በቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች የምትቀጠሩ፣ የልማት ዕቅድ የምታዘጋጁ ትኖራላችሁ። ሰላም ሲሰፍን ጎብኚው መመለሱ አይቀርም፤ እንዲመለስም ሁላችንም እንጸልያለን። ያን ጊዜ የሚቀርብላችሁ ቅጽ የመጡትን ጎብኚዎች ቁጥርና የተገኘውን የውጭ ምንዛሪ መጠን ይጠይቃችኋል። ሙሉት፤ ሥራችሁ ነው። ነገር ግን ቅጹ ባይጠይቃችሁም ሦስት ነገሮችን ጨምሩበት፦ በቅርሱ ዙሪያ ስንት ቤተሰብ ይኖራል? በአቅራቢያው ባለው ትምህርት ቤት ስንት ልጅ ተመዘገበ? ከጎብኚ ሌላ በምን ሥራ የሚተዳደር ሰው አለ? ቬኒስ ጎብኚዋን በሚገባ ቈጥራለች፤ ድንጋዮቿንም አንድ በአንድ መዝግባለች። ነዋሪዋን መቍጠር ግን ለአንድ ፋርማሲ መስኮት ተወችው።

እኔ በ2018 ከቬኒስ ስወጣ በስልኬ የመጣልኝ መልእክት ስለ ማረፊያ ቤቱ ንጽሕና አስተያየት እንድሰጥ የሚጠይቅ ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነበርና እንደዚያው መለስኩ። ስለ ተቀባዩ የሚጠይቅ መስመር ፈልጌ አላገኘሁም።